የጁምዓ ማስታወሻ፦ «ሶላቴ ደረቀብኝ» ላልከኝ ወንድሜ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ በውስጥ መስመር መልእክት ላከልኝ። ስሙን አልጠቅስም። መልእክቱ አጭር ነበር፦

«ኡስታዝ፣ ሶላት አላቋረጥኩም። ግን ሶላቴ ደረቀብኝ። ድሮ ሱጁድ ላይ ዕንባዬ ይመጣ ነበር፤ አሁን አሰላምቼ ስነሳ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ እንኳ ይጠፋኛል። ሙናፊቅ ሆኜ ይሆን? ምንም ሳይሰማኝ ከምሰግድ ባቆመው አይሻልም ወይ?»

መልሱን ለእሱ ብቻ ልጽፍለት ጀምሬ ነበር። ይህን ጥያቄ ከስንት ሰው እንደሰማሁ ሳስብ ግን ዛሬ በጁምዓችን አብረን ብንቀራው ይሻላል አልኩ። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለእሱ ነው። እህቴ፣ አንቺም ራስሽን በውስጡ ፈልጊ።

*መጀመሪያ፦ አታቁም*

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የምነግርህ ይህን ነው፦ አታቁም። ሙናፊቅ ሰው ሙናፊቅ ልሁን ይሆን ብሎ እንቅልፍ አያጣም። አንተን ያስጨነቀህ ይህ ፍርሃት ራሱ በቀልብህ ውስጥ ገና ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ ይናገራል። የሞተ አካል ሲቆረጥ አይሰማውም፤ አንተን ግን አሞሃል።

ደግሞም የመጀመሪያው አይደለህም። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ የነበሩት ሐንዘላ (ረ.ዐ) አንድ ቀን «ሐንዘላ ሙናፊቅ ሆነ» እያሉ ወጡ። አቡበክር (ረ.ዐ) አግኝተዋቸው ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው። ሐንዘላም ከነቢዩ ዘንድ ሲቀመጡ ጀነትና ጀሀነም በዓይናቸው የሚያዩት ያህል እንደሚሆንላቸው፣ ወደ ሚስት፣ ወደ ልጅና ወደ ሥራ ሲመለሱ ግን ብዙው እንደሚጠፋቸው ነገሯቸው። አቡበክር ምን አሉ? እኛም እንደዚሁ ነን አሉ። አስተውል! ይህን ያሉት አቡበክር ናቸው።

ሁለቱም ተያይዘው ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። በሙስሊም ሐዲስ እንደተዘገበው የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እኔ ዘንድ ስትሆኑ ባላችሁበት ሁኔታ ሁልጊዜ ብትዘልቁ ኖሮ መላእክት በመንገዳችሁና በየመኝታችሁ ይጨብጧችሁ ነበር፤ ግን ጊዜ ለዚህ ነው፣ ጊዜም ለዚያ ነው። አልተቆጧቸውም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑራችሁ ብለውም አላዘዟቸውም።

ስለዚህ ስሜት ሲቀዘቅዝ «አበቃልኝ» አትበል። ጥያቄው ስሜቱ ሲሄድ አንተ የት ቆመህ ትጠብቃለህ የሚለው ነው።

*ሓል እና መቃም*

የተሰዉፍ ዑለሞች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስፈልገንን ሁለት ቃል አቆይተውልናል፦ ሓል እና መቃም። የኒሻቡሩ ኢማም አል-ቁሸይሪ (በ465 ሂጅራ ያረፉ) በታዋቂው «ሪሳላ» ኪታባቸው ልዩነቱን አስረድተውታል።

ሓል ማለት ሳትለፋበት ወደ ቀልብህ የሚመጣ ነገር ነው። በረመዷን ሌሊት ድንገት የሚመጣ ዕንባ፣ አንድ አያ ስትሰማ ሰውነትህን የሚወርህ ነገር፣ ያለ ምክንያት ደረትህን የሚሞላው ደስታ። ሓል ስጦታ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።

መቃም ደግሞ በልፋት የሚደረስበት ደረጃ ነው። ተውባ፣ ሰብር፣ ዙህድ፣ ተወኩል እነዚህ መቃሞች ናቸው። አንድ ሰው በአንዱ ላይ ቆሞ፣ ሐቁን ጠብቆ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የኛ ስህተት ምንድን ነው? ሓልን መቃም አድርገን መቁጠራችን ነው። ያ ዕንባ ሲመጣ «ደረስኩ» እንላለን። ሲሄድ «ተባረርኩ» እንላለን። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እንግዳ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ ቢሄድ ቤቱ ፈረሰ አይባልም። ቤትህ ያ አምስት ጊዜ የምትቆምበት መስገጃ ነው።

እነሱ ሌላም ሁለት ቃል አላቸው፦ ቀብድ እና በስጥ። ቀብድ የቀልብ መጥበብ ነው፤ በስጥ መስፋት ነው። በካይሮ በ709 ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ዐጣኢላህ አል-ኢስከንደሪ ሁለቱም ከአላህ እንደሚመጡ ያስተምራሉ። ስፋቱ ብቻ ቢኖር በስሜቱ ተታለን እዚያው እንቀራለን፤ ጥበቱ ብቻ ቢኖር ተስፋ እንቆርጣለን። አላህ ባሪያውን በሁለቱ መካከል የሚያመላልሰው ስሜቱን ትቶ ስሜቱን የሰጠውን እንዲፈልግ ነው።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ድሮ ሱጁድ ላይ የምትፈልገው አላህን ነበር ወይስ ዕንባውን? ከባድ ጥያቄ ነው። እኔም ለራሴ ጠይቄው መልሱ አላማረኝም።

*ምላሳቸው የተያዘባቸው ኢማም*

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። በ450 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን፣ ጡስ ከተማ አካባቢ ተወለዱ። በ484 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1091) በባግዳድ በነበረው የኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። በዘመኑ ከዚያ በላይ የሚመኙት የዕውቀት ወንበር አልነበረም። ራሳቸው በጻፉት «አል-ሙንቂዝ» ኪታብ እንደሚነግሩን ሦስት መቶ ደረሶች ይቀሩባቸው ነበር።

ያኔ ነው ወደ ራሳቸው ዞረው የተመለከቱት። የማስተምረው ለማን ነው? ብለው ጠየቁ። ኒያቸው ንጹሕ ሆኖ አላገኙትም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ክብርና ዝና መፈለግ እንደሆነ አዩ። ለስድስት ወር ያህል በዚህ ተሰቃዩ። ጠዋት ለመሄድ ይወስናሉ፤ ማታ የዱንያ ፍላጎት መጥቶ ውሳኔውን ያፈርሰዋል። በመጨረሻ አላህ ምላሳቸውን ያዘው። ደረሶቹን ለማስደሰት አንዲት ቀን እንኳ ሊያስተምሩ ይሞክራሉ፤ ቃል አይወጣቸውም። ምግብ አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹም መነሻው ከቀልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ።

በ488 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ወንበሩን ትተው ከባግዳድ ወጡ። ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀምጠው የቀረውን ሀብታቸውን በተኑ። ደማስቆ ሄዱ፤ እዚያም የመስጂዱ ሚናራ ላይ ወጥተው በር ዘግተው ቀኑን ብቻቸውን ይውሉ ነበር። ከዚያ በይተል መቅዲስ፣ ከዚያ ሐጅ። ወደ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ከሹመት ርቀው ቆዩ። «ኢሕያኡ ዑሉሚ ዲን» የተባለው ትልቁ ኪታባቸው የዚህ ዘመን ፍሬ ነው።

ወንድሜ፣ ትምህርትህን ወይም ሥራህን ጥለህ ሽሽ እያልኩህ አይደለም። እሳቸውም የቤተሰባቸውን ሐቅ አልጣሉም። በ499 ሂጅራ ተመልሰው በኒሻቡር አስተምረዋል። ሲመለሱ ግን ይህ መመለስ አይደለም የሚል ሐሳብ ጽፈዋል፤ ምክንያቱም ድሮ ያስተማሩት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ነበር፣ አሁን የሚያስተምሩት ክብር የሚተውበትን ነው። ሥራው ያው ማስተማር፣ ወንበሩም የማስተማር ወንበር ነው። ከውስጥ ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።

*የራሴን ልንገራችሁ*

ይህን ታሪክ በኪታብ ስቀራው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ካፈርኩ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ኢኽላስ አንድ አጭር ትምህርት ቀርጬ ለቀቅኩ። ተወደደ። ሰዎች እየተቀባበሉ አጋሩት። ያን ሌሊት ስልኬን ይዤ ስንት ሰው እንዳየው፣ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ እየቆጠርኩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቀመጥኩ። አንዱ ቀና ያልሆነ ነገር ጽፎ ስለነበር መልስ ሳዘጋጅ ቆየሁ። ከዚያ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ በመስኮት የገባው ፀሐይ ነው።

ስለ ኢኽላስ አስተምሬ ፈጅር አለፈኝ። ለታይታ!

ወሎ ሄጄ ያቀሩኝን ሸኽ ስዘይር ይህን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ከአላህ በቀር ማንም የማያውቀው ሥራ ስንት አለህ?» አሉኝ። በጣቴ ልቆጥር ጀመርኩ። አንድ እጄ አልሞላም። «እንግዲያ ከዚያ ጀምር» አሉኝ። ሌላ ምክር አልጨመሩም፤ ቡናቸውን ጠጡ።

ወንድሜ፣ ምናልባት ያንተም ሶላት የደረቀው ከሥር ውኃ የሚመጥበት ነገር ስላለ ይሆናል። የኔ ያ ነበር። ያንተን አላውቅም። ኢማም አል-ገዛሊ ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ በደንብ አሳይተውናል።

*አምስቱ የፍቅር ምክንያቶች*

«ኢሕያእ» አርባ ኪታቦች አሉት። ሠላሳ ስድስተኛው ስለ ሙሐባ፣ ማለትም ስለ አላህ ፍቅር ነው። አንዳንድ ሰዎች አላህን መውደድ ማለት እርሱን መታዘዝ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ኢማሙ ግን አይደለም ይላሉ፤ መታዘዝ የፍቅር ፍሬ ነው፣ ሥሩ ፍቅሩ ነው። ከዚያም ሰው አንድን ነገር የሚወድባቸውን አምስት ምክንያቶች ይቆጥሩና አምስቱም ወደ አንድ ጌታ እንደሚያመሩ ያሳያሉ። እኔ በራሴ ምሳሌ ላቅርባቸው።

አንደኛ፦ ሰው መኖሩን ይወዳል። ማንም መጥፋት አይፈልግም፤ መኖርና ሙሉ መሆን ይፈልጋል። ትናንት ማታ ተኝተህ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ልብህን ማን አስመታው? አንተ እንኳ ራስህን አታውቅም ነበር። መኖርህን የምትወድ ከሆነ፣ አኑሮ የሚያቆይህን እንዴት አትወደውም? ጥላ የሚወድ ሰው ዛፉን መጥላት አይችልም።

ሁለተኛ፦ ሰው በጎ የዋለለትን ይወዳል። ትምህርት ቤት የከፈለልህን አጎትህን አስብ። ስሙ ሲነሳ ደረትህ ይሞቃል። ኢማሙ እዚህ ላይ ቆም አድርገው ያሳስቡናል፦ ገንዘቡን የፈጠረው ማን ነው? የአጎትህን ልብ ወዳንተ ያዘነበለው ማን ነው? እንዲሰጥ ያነሳሳው ማን ነው? ሰውየው ደግሞ ሲሰጥ ምስጋና ወይም አጅር ይፈልጋል፤ ያለ ምንም ፍላጎት የሚሰጥ አላህ ብቻ ነው። ይህ ማለት አጎትህን አታመስግን ማለት አይደለም። ሰውን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ግን እጁን አይተህ ላኪውን አትርሳ።

ሦስተኛ፦ ሰው ደግ ሰውን ደግነቱ ባይደርሰውም ይወዳል። ኢማሙ በሩቅ አገር ያለ ፍትሐዊ ንጉሥን ምሳሌ ያደርጋሉ። እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ነጃሺ አስሐማን (ረሒመሁላህ) ለምን እንወዳቸዋለን? እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው የመጡትን ሶሓባዎች ተቀብለው ለአሳዳጆቻቸው አሳልፈው አልሰጡም። ለኔና ላንተ ያደረጉልን ነገር የለም፤ ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመን በላይ አልፏል። ግን ስማቸው ሲነሳ ልባችን ይረጋል። በጎነት በራሱ ይወደዳል ማለት ነው። የሚያምነውንም የማያምነውንም፣ ወፉንም ጉንዳኑንም የሚመግበው ጌታስ?

አራተኛ፦ ሰው ውበትን ለራሱ ለውበቱ ይወዳል። ከክረምት በኋላ ያለውን አረንጓዴ ሜዳ ስታይ ልትበላው ወይም ልትሸጠው ብለህ አይደለም የምትቆመው። ዝም ብሎ ደስ ይላል። በዓይን የማይታይ ውበትም አለ። ኢማም አሽ-ሻፊዒይን የሚወድ ሰው ፊታቸውን አላየም፤ አካላቸውም አፈር ሆኗል። የሚወደው ዕውቀታቸውን፣ ተቅዋቸውንና ጥንካሬያቸውን ነው። ዕውቀት ሁሉ፣ ኃይል ሁሉ፣ ከጉድለት መጥራት ሁሉ የማን ነው? ያየኸው ውበት ሁሉ ከእርሱ የመጣ ነው።

አምስተኛ፦ የነፍስ መግባባት። ሁለት ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁት ይዋደዳሉ። ነፍሶች እንደ ተሰለፈ ሠራዊት እንደሆኑና የተዋወቁት እንደሚግባቡ በሐዲስ መጥቷል። ኢማሙ በዚህ ላይ በጥንቃቄ ይናገራሉ፤ ከፊሉ በኪታብ ይጻፋል፣ ከፊሉ አይጻፍም ይላሉ። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ሰው ዕውቀትን፣ እዝነትን፣ ቸርነትን፣ ይቅር ባይነትን በተላበሰ ቁጥር ለጌታው ይቀርባል። በቦታ አይደለም፤ አላህ ከቦታ የጠራ ነው። በጸባይ ነው። ለደካማ ስታዝን ያኔ በሩ ይከፈትልሃል።

አሁን አስብ። አምስቱም በአንድ ሰው ላይ ቢገናኙ፣ አኑሮህ፣ ሰጥቶህ፣ ለሁሉም ደግ ሆኖ፣ ውብ ሆኖ፣ ነፍስህን የሚያውቃት ቢሆን ትወደው ነበር? እንግዲያ የጎደለን ፍቅር አይደለም። የጎደለን ማወቅ ነው። ኢማሙ ደጋግመው የሚሉት ይህን ነው፤ ሙሐባ የመዕሪፋ ልጅ ነው። የማያውቁትን መውደድ አይቻልም።

*ማሳው እስኪታረም*

ታዲያ ማወቅ ብቻ ይበቃል? ብዙ እናውቃለን፤ ግን ደርቀናል።

ኢማሙ ፍቅር በሁለት ነገር ይጠነክራል ይላሉ። አንደኛው የዱንያን ገመድ ከቀልብ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው አላህን ማወቅ በቀልብ ውስጥ መስፋትና መጠንከሩ ነው። የመጀመሪያውን መሬቱን ከአረም እንደ ማጽዳት፣ ሁለተኛውን ዘሩን እንደ መዝራት ያዩታል። ቀልብን ደግሞ በዕቃ ይመስሉታል፤ ውኃ የሞላበት ዕቃ ውኃው ሳይደፋ ኮምጣጤ አይገባበትም።

የገበሬ ልጅ ከሆንክ ይገባሃል። ጤፍ ያለ አረም አይሆንም። ዘሩ ጥሩ ነው፣ ዝናቡም ዘንቧል፤ አረሙ ካልተነቀለ ግን ምርቱን ያንቀዋል። እኛ ዘር እንዘራለን። በየቀኑ ደዕዋ እንሰማለን፣ ቲላዋ እናዳምጣለን፣ ጥቅስ እንለጥፋለን። አረሙን ግን አንነካውም። ከኢሻ በኋላ ሁለት ሰዓት ስልክ ላይ ዓይናችንን የትም ስንለቅ አምሽተን ሱብሒ ላይ ኹሹዕ እንፈልጋለን። ዘመድ እንደተኮራረፍን ሱጁድ ላይ ዕንባ እንጠብቃለን።

ዙህድ ማለት ድህነት አይደለም። ስልኩ እጅህ ላይ ይሁን፤ ቀልብህ ላይ አይቀመጥ። ገንዘቡ ኪስህ ውስጥ ይሁን፤ ሲጠፋ ኢማንህን ይዞብህ አይሂድ።

*ፍቅር ያለ ሸሪዓ?*

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ስለ ፍቅር ሲወራ የሚንሸራተቱ ሰዎች አሉና። «ዋናው ልብ ነው፣ ሶላት ቅርፅ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ ይህ የሱፊዮች ትምህርት እንዳልሆነ እወቅ። የዚህ መንገድ አለቃ የሚባሉት የባግዳዱ ጁነይድ (በ298 ሂጅራ ያረፉ) ይህ ዕውቀታችን በቁርኣንና በሱና የታሰረ ነው ብለው አጥብቀው አስተምረዋል።

በአሊ ዒምራን ሱራ 31ኛው አያ አላህን እንወዳለን ለሚሉ ሰዎች መለኪያ ተቀምጧል፤ መልእክተኛውን መከተል። ውጤቱም ተነግሯል፤ አላህ ይወዳቸዋል፣ ኃጢአታቸውንም ይምራል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አልቁድሲ ደግሞ መንገዱ በቅደም ተከተል ተዘርግቷል። ባሪያው ወደ አላህ ከሚቃረብባቸው ነገሮች ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ፈርዱ ነው። ከዚያ በሱና እየተቃረበ ይቀጥላል፤ አላህ እስኪወደው ድረስ። ፈርድ መጀመሪያ፣ ሱና ቀጥሎ፣ ፍቅር ፍሬው። ፈርዱን ዘሎ ወደ ፍቅር የሚያደርስ አቋራጭ የለም።

የወሎ መሻኢኾቻችንም ያስተማሩት ይህን ነው። ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉ የዕውቀት ማዕከሎች ቀን ፊቅህና ነሕው የሚቀራባቸው፣ ሌሊት ዚክር የሚደረግባቸው ናቸው። መንዙማውን በአማርኛ አድርገው በዐረብኛ ፊደል የጻፉት ዐረብኛ ያልቀራው ገበሬና እናት አቂዳቸውንና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ውዴታ በጆሯቸው እንዲማሩ ነው። ኪታቡና ዕንባው አልተለያዩም ነበር። ዛሬ እኛ ለያየናቸው፤ ግማሹ ኪታብ ይዞ ደረቀ፣ ግማሹ ዕንባ ይዞ ኪታቡን ረሳ።

*ወድቀህ ከሆነም*

መልእክትህን እንደገና ሳነበው ያልጻፍከው ነገር ያለ መሰለኝ። ምናልባት የምትደጋግመው ኃጢአት ይኖር ይሆናል፤ «እንዲህ እያደረግኩ አላህን እወዳለሁ ማለት ውሸት ነው» የሚል ድምፅ ውስጥህ ይኖር ይሆናል። ካለ ይህን ስማ።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መጠጥ እየጠጣ በተደጋጋሚ ይቀጣ የነበረ ሰው ነበር። አንድ ቀን እንደገና ሲያመጡት ከተሰበሰቡት አንዱ ረገመው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ምክንያቱም ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ዘገባው ቡኻሪ ውስጥ ነው። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ጥፋቱም «ችግር የለውም» አልተባለም። ግን ፍቅሩ አልተካደበትም። ኢማም አል-ገዛሊም ከዚህ ተነስተው ኃጢአት የፍቅርን ሙላት ያጎድላል እንጂ ሥሩን አይነቅልም ይላሉ።

ሸይጧን ሁለት ጊዜ ነው የሚመታህ። መጀመሪያ በኃጢአቱ፤ ቀጥሎ «አንተ ከእንግዲህ አትረባም» በማለት። የመጀመሪያው ቢያቆስልህ ሁለተኛው እንዳይገድልህ። ቁርኣን ራሷን ስለምትወቅስ ነፍስ ይናገራል፤ ነፍሱል ለዋማ። በክፉ ከምታዘው ነፍስ ወደ ረጋችው ነፍስ የሚሄድ ሰው በእሷ በኩል ያልፋል። አንተ አሁን እዚያ ነህ፤ ከመንገዱ አልወጣህም።

*የዚህ ሳምንት ሥራ*

ወሬ እንዳይሆንብን አምስት ነገር እንያዝ። ብዙ አይደለም። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ በሐዲስ ተምረናል።

1. ከአምስቱ ሶላቶች አንዱን ምረጥ፤ ለሳምንት ያን አንዱን አትቸኩልበት። አዛን ሳይል ውዱእ አድርገህ ጠብቀው። የምትቀራትን አጭር ሱራ ትርጉም አስቀድመህ ተማር። የማታውቀውን ቃል እየደጋገምክ ልብህ ለምን ሄደ አትበል።

2. በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥና ከአምስቱ ምክንያቶች በአንዱ ላይ አስብ። ዛሬ ስለ መኖርህ፣ ነገ ስለተዋለልህ በጎ ነገር። ይህ ተፈኩር ይባላል፤ ዘሩ ይህ ነው።

3. አንድ አረም ንቀል። አንድ ብቻ። የምትከታተለው መጥፎ ገጽ፣ የተኮራረፍከው ዘመድ፣ ያልመለስከው ብድር። የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለህ።

4. ሸኼ የሰጡኝን ላካፍልህ። ከአላህ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ሥራ ይኑርህ። ለናትህም ለጓደኛህም አትንገር፤ ለኔም አትጻፍልኝ።

5. ከመኝታህ በፊት ራስህን ተሳሰብ። ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ሒሳቡን እንደሚያይ፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ? ለወጣው ኢስቲግፋር፣ ለገባው አልሐምዱ ሊላህ።

ዛሬ ጁምዓ ነውና ሰለዋት አብዛ፣ ሱረቱል ከህፍንም አትርሳ።

ከሳምንት በኋላ ዕንባው ይመለስልሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ሓል የሰጪው ነው። አንተ ግን በቦታህ ትገኛለህ።

በመጨረሻ ይህን ያዝ። አንድ ሰው ቂያማ መቼ ነው ብሎ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው። ምን አዘጋጅተህላታል? አሉት። ብዙ ሶላትና ጾም እንደሌለው፣ ግን አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነገራቸው። ሰው ከሚወደው ጋር ነው የሚል መልስ አገኘ። አነስ (ረ.ዐ) ከእስልምና በኋላ በዚህ ያህል የተደሰትንበት ነገር አልነበረም ሲሉ አውርተዋል።

በአልማኢዳ ሱራ 54ኛው አያ ላይም አላህ ስለሚወዳቸውና ስለሚወዱት ሕዝቦች ተናግሯል። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ የእርሱ መውደድ ከነሱ መውደድ ቀድሞ ተጠቅሷል። ሶላቴ ደረቀ ብለህ የተጨነቅክበት ጭንቀት ከየት የመጣ ይመስልሃል? ማን ነው የሚቀሰቅስህ?

ያ አላህ! ቀልባችንን አንተ ታውቀዋለህ። አረሙን ንቀልልን፣ ዘሩን አብቅልልን። ስሜት ሲሰጠን እንዳንታበይ፣ ሲወሰድብን ተስፋ እንዳንቆርጥ አድርገን። ውዴታህን፣ የሚወዱህን ሰዎች ውዴታ፣ ወደ ውዴታህ የሚያደርሰንን ሥራ ውዴታ ለግሰን። ይህን ያጻፈኝን ወንድሜን ሱጁዱን አርጥብለት። ወላጆቻችንን፣ ያቀሩንን መሻኢኾች በሕይወት ያሉትን ጠብቅልን፣ ያለፉትን ማርልን። ወሰለላሁ ዐላ ሰይዲና ሙሐመድ ወዐላ ኣሊሂ ወሶሕቢሂ ወሰለም። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!